አዲሱን መድኃኒት ከመውቀሳችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ የድባቴ ወይም የጭንቀት መድኃኒት እየወሰዳችሁ ሐኪማችሁ «ይህኛውን እንተወውና ሌላ እንሞክር» ላላችሁ ነው። ፀጉሬ የሸበተው ድሬዳዋ ውስጥ መድኃኒት ሳድል ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ከወጣቶች አፍ ደጋግሜ የሰማሁት አቤቱታ አንድ ነው፦ «አዲሱ መድኃኒት አልተስማማኝም፣ አዞረኝ፣ እንቅልፍ ነሳኝ፣ ጣልኩት።» መቼ ጀመርከው ስለው፣ ከሦስት አራት ቀን በፊት ይለኛል። የቀድሞውንስ መቼ አቆምክ? ያን ዕለት፣ በአንድ ጊዜ። ልጁ አዲሱን ይወቅሳል፤ ያንገላታው ግን ብዙ ጊዜ የቀድሞው ከሰውነቱ መውጣቱ ነው። ከዚያ ሁለቱንም ትቶ ቤቱ ይቀመጣል፣ ሕመሙም ውሎ አድሮ በርትቶ ይመለሳል። የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ ሊያድነው ይችል የነበረ መድኃኒት ሳይሞከር ተፈርዶበታል።

አእምሮ አንድን መድኃኒት ለወራት ሲለምድ አሠራሩን ከእሱ ጋር ያስማማል። በድንገት ሲነሣበት እንደገና እስኪስተካከል ጊዜ ይፈልጋል። በዚያ መሐል ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ላብ፣ ጉንፋን የያዘ የሚመስል ድካም፣ ቅዠት፣ ብስጭት፣ ያለ ምክንያት እንባ ይመጣል። አንዳንዱ ጭንቅላቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ የነዘረው ያህል ይሰማዋል፤ አበደ እንዳይሉት ፈርቶም ይደብቀዋል። አትደብቁት፤ በሕክምና የታወቀ ምልክት ነው። ሱስ ያዘኝ ብላችሁም አትሸበሩ። ሱስ ያለበት ሰው ያምረዋል፣ መጠኑን ይጨምራል፤ እነዚህ መድኃኒቶች ግን እንዲህ አያደርጉም።

መድኃኒቶቹ ከሰውነት የሚወጡበት ፍጥነት ግን እኩል አይደለም። ሰርትራሊን በ26 ሰዓት ገደማ ግማሹ ይወጣል፤ ስለዚህ ያቆመው ሰው በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ይሰማዋል። ፍሉኦክሰቲን ግን ከነቅሪቱ ለሳምንታት ይቆያል፣ ስንብቱም ለብዙው ሰው ቀለል ይላል። አንዲት ልጅ «ጓደኛዬ ምንም አልሆነችም፣ እኔ ምን ሆኜ ነው?» ብትል መልሱ እዚህ ላይ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ሰው ሳይዘጋጅ የሚገባበት ከአሚትሪፕቲሊን ወደ ሰርትራሊን ወይም ወደ ፍሉኦክሰቲን መሻገር ነው። አሚትሪፕቲሊን ርካሽ ነው፣ በየቦታው ይገኛል፣ ማታ ሲወሰድ ያስተኛል። ሥራው ግን አንድ ብቻ አይደለም። አሴቲልኮሊን የሚባለውን የነርቭ መልእክተኛም ያግዳል፤ አፍ የሚያደርቀውና ሆድ የሚያስረው በዚህ ነው። በድንገት ሲቆም የታገደው ሁሉ ይለቀቃል፦ ሆድ ይገለበጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። አዲሱ መድኃኒት ይህን ጉድለት አይሸፍንም። ስለዚህ ሐኪሙ «ከ75 ወደ 50 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ ወደ 25» እያለ በሳምንታት ሲያወርዳችሁ ጊዜ እየገደለ እንዳይመስላችሁ። የመጨረሻዋ ትንሽ ቅነሳ ከመጀመሪያዋ ይልቅ ልትከብድ ትችላለችና እዚያ ላይ አትቸኩሉ።

በተቃራኒው ከፍሉኦክሰቲን ወደ አሚትሪፕቲሊን የሚሄድ ሰው ሌላ ነገር ይጠብቀዋል። ፍሉኦክሰቲን ከቆመም በኋላ ጉበት አሚትሪፕቲሊንን የሚሰባብርበትን መንገድ ይዘጋል፣ አዲሱም በደም ውስጥ ይከማቻል፣ የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል። «ጠብቅ፣ በትንሹ ጀምር» ያላችሁን ሐኪም ስሙት።

እውነቱን ለመናገር አዲሱም የራሱ ጣጣ አለው። ሰርትራሊን በመጀመሪያው ሳምንት ያቅለሸልሻል፣ ያቁነጠንጣል፤ ለብዙው ሰው በአንድ በሁለት ሳምንት ይበርዳል። የድባቴው መቅለል ግን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሰማችሁን ይዛችሁ አትፍረዱ፤ በወረቀት ላይ የቀድሞውን የቀነሳችሁበትን፣ አዲሱን የጀመራችሁበትንና ምልክቱ የመጣበትን ቀን ጻፉ። ከቀነሳችሁ በቀናት ውስጥ ከመጣና በፊት የማታውቁት ማዞር ወይም ንዝረት ካለበት፣ የመድኃኒት መለየት መሆኑ ያመዝናል። ቀስ እያለ በሳምንታት ውስጥ የሚከብድ ኀዘንና ተስፋ መቁረጥ ከሆነ ግን ሕመሙ እየተመለሰ ሊሆን ይችላል። ስንብቱ ለብዙው በአንድ በሁለት ሳምንት ያልፋል፤ ለአንዳንዱ ወራት ይፈጃል፣ እሱንም «አስመሳይ» አትበሉት። ሲከብዳችሁ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ወደ ነበረበት መጠን መልሶ ቀስ ብሎ ማውረድ ይቻላል።

ድሬና ሐረር ሆነን ጫትን ዘለን ማለፍ አንችልም። ዘወትር የሚቅም ልጅ አንድ ቀን ሲቀርበት ሐራራው፣ መነጫነጩ፣ ሌሊት ዱካኩ እንዴት እንደሚያሠቃየው ታውቃላችሁ። ይህ ከመድኃኒት መለየት ጋር በአንድ ሳምንት ከተገናኘ የትኛው ከየት እንደመጣ እኔም ሐኪሙም አንለይላችሁም። ጫት መተው የሚፈልግን ልጅ በርታ እለዋለሁ፤ ግን መድኃኒት በሚቀይርበት ሳምንት አይሁን፣ ለሐኪሙም አስቀድሞ ይናገር። በዚያ ሳምንት የጫቱን መጠን መጨመር ደግሞ ይብሳል፤ የተረፈችውን እንቅልፍ ይወስዳል፣ ምርቃናው ሲወርድ የሚመጣው ጭፍግግ ማለትም ድባቴ ይመስላል። በመጠጥ መጨበስ ይቅርባችሁ። ትራማዶልን ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ፣ ከእነዚህ መድኃኒቶች ጋር አትንኩ፤ አንዘፍዝፎ የሚጥል በሽታ ሊያመጣ ይችላል።

በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ቁልቢ የምትወጡ፣ ኪኒናችሁን በስንቃችሁ ያዙ። በረመዳን የምትጾሙ፣ በቀን አንዴ የሚወሰደውን ከማፍጠሪያ በኋላ ወይም በሱሑር ማድረግ እንደምትችሉ ጠይቁ። ፀበሉንም ዱዓውንም አትተዉ፤ ኪኒኑንም አብራችሁ ውሰዱ።

መድኃኒት ከገበያ ሲጠፋ ደግሞ ሳትፈልጉ ትቀይራላችሁ። ክትትላችሁ ድል ጮራም ሆነ ሕይወት ፋና ሆስፒታል፣ የመጨረሻዋን ፍሬ ውጣችሁ አትምጡ፤ የሳምንት ሲቀራችሁ ኑ፣ ያኔ ለመፈለግም ሐኪሙን ለማማከርም ጊዜ አለን። ከጎረቤት መበደርም አይሆንም።

አሁን የምነግራችሁን ለእናታችሁ ወይም አብሯችሁ ለሚያድር ሰው አሳዩት። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እነዚህ መድኃኒቶች በሕፃናትና በጎረምሶች ላይ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊያባብሱ ይችላሉ ብሎ በ2004 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስጠነቀቀ፤ በ2007 ማስጠንቀቂያውን ከ18 እስከ 24 ዓመት ላሉት አሰፋው። አደጋው የሚበረታው ሲጀመርና መጠን ሲቀየር ነው። መድኃኒቱን ፍሩት ማለቴ አይደለም፤ ያልታከመ ድባቴ ራሱ ይገድላል። ነገር ግን የመሞት ሐሳብ ከመጣ፣ መቀመጥ የሚከለክል መቁነጥነጥ ከያዛችሁ፣ ወይም ሳትተኙ አድራችሁ ጉልበታችሁ ከልክ በላይ ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቁ። ሁለቱ መድኃኒቶች ተደራርበው ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥ፣ የጡንቻ መገተርና መቃዠት ካመጡ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ግቡ።

ስትመጡም የሁለቱንም መድኃኒት ማሸጊያ ይዛችሁ ኑ። ሚሊ ግራሙ እዚያ ላይ ተጽፏል፤ «ነጯ ክብ ኪኒን» ስትሉኝ ግን መደርደሪያው በነጭ ክብ ኪኒን የተሞላ ነው።