«አታይም» የተባለችው አይጥ

ውድ ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንዲት ተማሪ «እንስሶቼ ወደ አንድ ወገን ያዳላሉ፤ ከዳታው ላውጣቸው ወይ?» ብላ ጻፈችልኝ። መልሱ አጭር ነው፤ አታውጪ። ጥያቄው ግን አንዲት አይጥ አስታወሰኝና ነገሩ ረዘመ።

ያኔ ገና ረዳት ነበርኩ። ሥራው ይህን ያህል ውስብስብ አልነበረም። አይጧ ፊት ግራና ቀኝ ሁለት መብራት ይበራል። ደመቅ ወዳለው ሄዳ አፍንጫዋን ቀዳዳው ውስጥ ትከታለች። ካገኘችው ጠብታ ውኃ ትቀምሳለች፣ ከሳተች ምንም የለም።

ይህችኛዋ መብራቶቹ በደንብ ሲለያዩ አትሳሳትም። ሲቀራረቡ ግን ቀኝ፣ ቀኝ፣ አሁንም ቀኝ። ግራው ትንሽ ደምቆ እንኳ ቀኝ። ኃላፊያችን ግራፉን አዩና «ይህች አታይም፣ አውጧት» አሉ። ወጣች። ዳታዋም ቦታ ያዘ ተብሎ ተሰረዘ።

ከዚያ በኋላ ሳጥኑን ሳጸዳ የቀኙን ውኃ የሚለቀው ቫልቭ ቶሎ እንደማይዘጋ አየሁ። ከሁለቱም ቱቦ የተንጠባጠበውን ለየብቻ አጠራቅሜ ሚዛን ላይ አወጣሁት። የቀኙ የግራውን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

እስቲ አስሉት። አይጧ «ደማቁ ግራ ነው» ብላ 60 በመቶ ብታምን፣ ለቀኝ 40 ይቀራል። ግራ አንድ ጠብታ፣ ቀኝ ሁለት ጠብታ ይከፍላል። በአማካይ ከግራ 0.6፣ ከቀኝ 0.8 ጠብታ ታገኛለች። ታዲያ ሞኙ ማን ነው? መብራቱ ቁልጭ ብሎ እምነቷ 95 በመቶ ሲደርስ ደግሞ ግራ 0.95፣ ቀኝ 0.1 ይሆናል። እዚያ ላይ ያልተሳሳተችው ለዚህ ነው።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ የተሰረዘ ዳታ ነው። ግራፏ፣ ማለትም በመብራቶቹ ልዩነት ልክ ስንት ጊዜ ቀኝ እንደመረጠች የሚያሳየው መስመር፣ ወደ ጎን ተንሸራቷል እንጂ ቁልቁለቱ የሌሎቹን ይመስል ነበር። ቁልቁለቱ ዓይኗ ምን ያህል እንደሚለይ ይናገራል። መንሸራተቱ የሚነግረን ሲያጠራጥራት ወዴት እንደምታደላ ነው። የምልክት መለየት ንድፈ ሐሳብ ከእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ ጀምሮ እነዚህን ሁለቱን አትደባልቁ ይላል፤ እኛ ግን ስንደባልቅ ኖርን።

በኋላ ጦጣዎች ላይ የተሠራው ሥራ ነገሩን አጠራው። እ.ኤ.አ. በ1999 ተመራማሪዎቹ ፕላትና ግሊምቸር በአንጎል የጎን ክፍል ያሉ ሴሎች ንቁነታቸው በሚጠበቀው ሽልማት መጠን እንደሚለዋወጥ አሳዩ። በ2010 ደግሞ እነ ሮሪና ኒውሰም ጦጣዎቹ የሚርመሰመሱ ነጥቦች ወዴት እንደሚሄዱ እንዲለዩ አደረጉ፤ የሁለቱ ወገን ክፍያ አንዳንዴ እኩል፣ አንዳንዴ የተበላለጠ ነበር። ነጥቦቹ ገና ሳይንቀሳቀሱ ሴሎቹ ብዙ ወደሚከፈልበት ወገን አዘንብለው ተገኙ። ፊሽካው ሳይነፋ አንዱ ሯጭ ሁለት እርምጃ ቀድሞ እንደ መቆም ነው። ጦጣዎቹ በዚህ አድልዎ ማግኘት ከሚችሉት ሽልማት ያጡት እጅግ ጥቂት ነው።

የዛሬ ልጆች ፈጣን ናችሁ። እኛ ወር የፈጀብንን ሞዴል እናንተ በአንድ ከሰዓት ትጨርሱታላችሁ። ስታቲስቲክሳችሁም ከእኛ ይሻላል፣ ይህን ልካድ አልልም። ግን ሳጥኑን ከፍቶ የሚያይ አለ? ሁሉም ስክሪን ላይ ተጥዷል። ከእንስሳው አጠገብ ቁጭ በሉ እላለሁ።

ይህን ብዬ ሳልጨርስ ደግሞ ሃንስ የተባለው የበርሊን ፈረስ ትዝ ይለኛል። በሰኮናው እየመታ ይቆጥራል፣ ይደምራል ተባለለት። እ.ኤ.አ. በ1907 ፕፉንግስት የተባለ ተመራማሪ የጉዱን ምንጭ አወጣው። ፈረሱ የሚያነበው የጠያቂውን የጭንቅላት ንቅናቄ ነበር፤ ሰውየው ሳይታወቀው ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ቀና ይላል፣ ፈረሱም ያቆምና የሚበላውን ይቀበላል። ስለዚህ አጠገቡ አትቀመጡ። ወይም ተቀመጡ፣ ግን ከመጋረጃ ጀርባ።

ወደ አንቺ ልመለስ። መጀመሪያ የሁለቱን ቱቦ ውኃ መዝኚ። ከዚያ ቫልቮቹን አለዋውጪ። አድልዎው ቫልቩን ተከትሎ ከዞረ ነገሩ ክፍያ ነው፣ እሱንም መጻፍ እንጂ መደበቅ አያስፈልግም። ካልዞረ ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት ያለውን ሙከራ ተመልከቺ። ብዙ እንስሳ ውኃ ያገኘበትን ወገን ይደግማል፤ ይህ ደግሞ ጎልቶ የሚታየው መብራቶቹ በጣም በተቀራረቡበት ሙከራ ላይ ነው። ከዚያ ጀምሪ።