ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሥራዬ ሲኒማ ቤት ፊልም ማጫወት ነበር። አሁን በስልካችሁ የምትቀርፁት ልጆች “ጋሼ፣ የትኛው ካሜራ ይሻለናል?” ትሉኛላችሁ። መጀመሪያ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዳችሁ ሲንጀሩ ሲሠራ ተመልከቱ። አልቀለድኩም።

ሸራው ላይ ምስል የሚንቀሳቀሰው ፊልሙ፣ ማለትም በማጫወቻው ውስጥ የሚያልፈው ምስሎች የተደረደሩበት ጥቅል፣ ስለሚቆም ነው። ዝም ብሎ ቢፈስ የምታዩት ጭረት ብቻ ነበር። እያንዳንዷ ፍሬም፣ ጥቅሉ ላይ ያለችው አንዷ ምስል፣ መብራቱ ፊት ለቅጽበት ቀጥ ትላለች፤ መከለያው ብርሃኑን ሲጋርድ ደግሞ ተስባ ለሚቀጥለው ቦታ ትለቃለች።

እ.ኤ.አ. በ1894 ኒው ዮርክ ላይ ለሕዝብ የተከፈተው የአሜሪካዊው ፈልሳፊ የኤዲሰን የፊልም ማሳያ ሳጥን፣ ኪኔቶስኮፕ፣ ፊልሙን ሳያቆም ነበር የሚያስኬደው፤ ጭረት እንዳይሆን መከለያው እያንዳንዷን ፍሬም ለቅጽበት ብቻ ያሳያል። የሚያየውም በቀዳዳ ያጎነበሰ አንድ ሰው ብቻ። የመቅረጫ መሣሪያው ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከባድ ዕቃ ስለነበር፣ የሚቀረፀው ሰው ነው ወደ መሣሪያው የሚሄደው።

የፈረንሳይዋ ሊዮን ከተማ ሰው ሉዊ ሉሚዬር ፊልሙን እያቆሙ የማስኬጃውን ዘዴ ያገኘው እንቅልፍ ባጣበት አንድ ሌሊት ነው ይላል ወንድሙ ኦጉስት። ስፌት መኪናን አስቡ፦ መርፌው ጨርቁ ውስጥ ሳለ ጨርቁ ይቆማል፣ መርፌው ሲወጣ ይሳባል። ሉዊ ይህንኑ ለፊልም አደረገው፤ ጥርሶች ፊልሙ ጠርዝ ላይ ያለው ቀዳዳ ውስጥ ገብተው ይስባሉ፣ ይወጣሉ፣ ፊልሙ ያርፋል። በእጅ የሚዞረው የሉዊ ሳጥን አምስት ኪሎ ገደማ ነበር፤ ይቀርፃል፣ ያትማል፣ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1895፣ ፓሪስ ግራን ካፌ ምድር ቤት ውስጥ 33 ሰዎች አንዳንድ ፍራንክ ከፍለው እያንዳንዳቸው ደቂቃ የማይሞሉ አሥር ፊልሞች አዩ። (ከእነሱ ቀድሞ ሌላ ፈረንሳዊ፣ ሉዊ ለ ፕሬንስ፣ እንግሊዝ፣ ሊድስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1888 ተንቀሳቃሽ ምስል ቀርፆ ነበር፤ በ1890 ዲዦን ላይ ባቡር ተሳፍሮ የደረሰበት ጠፋ። “መጀመሪያ ማን ፈለሰፈው?” የሚለውን ክርክር ለቡና አቆዩት።)

እኔም በእናንተ ዕድሜ ማሽን አማርር ነበር። አንድ ምሽት ፊልሙ ተያዘና ፍሬሟ ሸራው ላይ እንደ ወተት ገነፈለች። አዳራሹ በፉጨት ተናጋ። አዲስ ማሽን ካልተገዛ አልሠራም ብዬ ፎከርኩ። ሽማግሌው ቴክኒሻን መጥተው ከፈቱት፣ ፊልሙ የሚያልፍበት በር ላይ የተጋገረውን ቆሻሻ አሳዩኝ፤ ለሳምንታት አልጠረግኩትም ነበር። ከኪሴ አምስት ሳንቲም ተቀብለው በጠርዟ ፋቁት፣ በጨርቅ ወለወሉት፣ ሳንቲሟን መለሱልኝና “በል አጫውት፣ ሰው እየጠበቀ ነው” አሉኝ።