ልጁ ጣቢያ ይደር? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

የስምንት ዓመት ልጄ ከጎረቤት ግቢ አቮካዶ ሰርቆ ተያዘ። ይከሰሳል እንዴ? (ከቆጪ፣ ጅማ)

ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። አቮካዶውን ይክፈሉና ይታረቁ።

የ14 ዓመት ልጄ እዚሁ ጅማ መርካቶ ውስጥ ስልክ ሲሰርቅ ተያዘ። አባቱ “ሁለት ሌሊት ይደርና ይማር፣ አልወስደውም” አለ። እኔ ምሳ ዕቃ ይዤ እመላለሳለሁ። ልክ ነው? (ከሂርማታ)

እህቴ፣ ልክ አይደለም። ከማን ይማር? አስተማሪ በነበርኩበት ጊዜ አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዬ በብስክሌት ስርቆት ተጠርጥሮ ሦስት ሌሊት ጣቢያ አደረ። በተመለሰ በሳምንቱ የጠረጴዛዬን መሳቢያ ቁልፍ በሽቦ ከፍቶ ለጓደኞቹ ሲያሳይ ደረስኩበት። ይህን ከእኔ አልተማረም።

ሕጉም ከአባትየው ጋር አይስማማም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ከአዋቂ ጋር አይታሰርም። ፖሊስ ወዲያው ቅርብ ወዳለው ወረዳ ፍርድ ቤት ያቀርበዋል። ቀጠሮ ከተሰጠም ልጁ ለወላጅ ወይም ለዘመድ፣ እነሱ ከጠፉ ለታመነ ሰው ይሰጣል። እንግዲህ አባትየው “አልወስድም” ሲሉ ልጁ የሚወጣበትን በር የዘጉት ራሳቸው ናቸው። ጥፋተኛ ቢባል እንኳ ዳኛው ገሥጾ ሊለቀው ወይም በክትትል እንዲማር ሊያደርገው ይችላል። ጠባይ ማረሚያ መላክም አለ፤ እሱ ግን ከ1 ዓመት አያንስም።

ዛሬውኑ ይሂዱ። የልደት ምስክር ወረቀቱን ይያዙ፣ ከሌለ የክትባት ካርድ ወይም የትምህርት ቤት ማስረጃ። ዕድሜው ካልተረጋገጠ ከላይ ያልኩት ሁሉ ላይሠራለት ይችላል። ጠበቃ መቅጠር ካቃትዎ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ወንድሜ ፍሪዙን ቢላጭ ፖሊስ ይተወዋል?

ፀጉር ወንጀል አይደለም። ቅማል ካለው ግን ይላጭ።

የእህቴ ልጅ ከእስር ከወጣ ወዲህ አይተኛም። በር ሲንኳኳ አልጋ ሥር ይገባል። ቤተሰቡ ዱዓ እያስደረገለት ነው።

ዱዓው ይቀጥል። ነገ ጠዋት ግን ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይውሰዱት። “ትንሽ እንየው” የሚል ዘመድ ካለ አይስሙት። ስለ መሞት ከተናገረ ነገንም አይጠብቁ። በዚያው ሌሊት ይውሰዱት፣ ለአፍታም ብቻውን አይተዉት።

አጂፕ አካባቢ የእንጨት ሥራ አለኝ። ከማረሚያ የወጣ የ16 ዓመት ልጅ ሥራ ለመነኝ። ጎረቤት “መጋዝህን ይዞ ይጠፋል” ይላል።

ይቅጠሩት። 15 ስለሞላው መሥራት ይችላል። ግን በቀን ከ7 ሰዓት አይለፍ፣ የማታ ሥራም አይስጡት፣ የኤሌክትሪክ መጋዙንም አያስነኩት። በርጩማ ያስጀምሩት። ባለ ሦስት እግሩ በርጩማ ከአንድ ግንድ ነው የሚወጣው፤ በጥድፊያ አንዱን እግር የቆረጠ ግንዱን በሙሉ አበላሸ። ከዚህ የተሻለ ትዕግሥት ማስተማሪያ አላውቅም። መጋዙ ካሳሰበዎት ማታ ማታ ዕቃውን እሱ ራሱ ቆጥሮ ያስረክብዎት። ለሥራ ውሉ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ጎራ ይበሉ።