ታይመሩ ሊጮህ ሲል ስክሪኑ ለምን ይጠፋል?

ጥያቄውን የላኩልኝ አዲስ አበባ ውስጥ ቤታቸው ኬክና ድፎ ዳቦ እየጋገሩ የሚሸጡ እናት ናቸው። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ፍሪጅ ላይ በማግኔት የሚለጠፍ ትንሽ ዲጂታል ታይመር ገዛሁ። ጥቂት ወራት ደህና ሠራ። አሁንም ቁጥሩ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ይቆጥራልም። መጮህ ያለበት ሰዓት ሲደርስ ግን አንዴ ጢጥ ይልና ስክሪኑ ይጠፋል። ሲመለስ ዜሮ ነው። ክቧን ባትሪ ቀየርኩ፤ ሳምንት ሳይሞላት ያው ሆነች። ኬክ አሳርሮብኛል። ወደድ ያለውን ልግዛ ወይስ በስልኬ ልሥራ? መብራት ሲሄድስ ሰዓቱን ምን ላድርገው? ደግሞ ቤት ውስጥ የልጅ ልጆች አሉ፤ ያገኙትን ሁሉ ይነካካሉ።»

እናቴ፣ አዲስ ለመግዛት አይቸኩሉ። የነገሩኝ ምልክት ለእኛ ለጠጋኞች በደንብ የሚታወቅ ነው። እንዲህ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ታይመሩ ደህና ነው። የደከመው ባትሪው ነው፤ ወይም ባትሪው የሚነካበት ብረት ላልቷል።

ስክሪኑ ላይ ቁጥር ለማሳየት የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ እጅግ ትንሽ ነው። ሊያልቅ የተቃረበ ባትሪ እንኳ ቁጥሩን ለረጅም ጊዜ ጥርት አድርጎ ያሳያል። ድምፅ ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ጩኸቱ በሚጀምርበት ቅጽበት ታይመሩ ከባትሪው የሚስበው ኃይል በብዙ እጥፍ ይጨምራል። የደከመ ሰው ቁጭ ብሎ ሲያወራ ጤነኛ ይመስላል፤ ጉልበቱ የሚታወቀው ሙሉ ጀሪካን አንሳ ሲሉት ነው። ባትሪውም እንደዚያው ነው። ጩኸቱ ሲጀምር ቮልቴጁ ዝቅ ይላል፣ ውስጥ ያለችው ቺፕ ትጠፋለች፣ ጩኸቱም ይቋረጣል። ያኔ ሸክሙ ስለቀለለ ቮልቴጁ ይመለሳል፣ ቺፗም እንደ አዲስ ከዜሮ ትነሳለች። እርስዎ ያዩት ይኸው ነው።

አሁኑኑ ሊያረጋግጡት ይችላሉ። አምስት ሰከንድ ይሙሉና ስክሪኑን ትኩር ብለው ይመልከቱ። ሲጮህ ቁጥሩ ከፈዘዘ ወይም ከጠፋ፣ ጥፋቱ ከባትሪው ወይም ከመነካኪያው ነው። ቁጥሩ ሳይነቃነቅ ድምፁ ብቻ ከቀረ ግን ድምፅ ማውጫው ወይም ወደ እሱ የሚሄደው ሽቦ ተበላሽቷል፤ ያንን ለባለሙያ ይስጡ። ቴስተር ያለው ሰው በአቅራቢያዎ ካለ፣ ባትሪውን አውጥቶ ብቻውን እንዲለካው አይፍቀዱ። ሥራ ያልያዘ ባትሪ ደካማም ቢሆን ጥሩ ቁጥር ያሳያል። ታይመሩ እየጮኸ ሳለ ነው መለካት ያለበት።

«ቀይሬዋለሁ እኮ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እዚህ ላይ ቆም ብለን እንይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ከባትሪው ጀርባ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። ሲአር 2032 ከሆነ፣ ቁጥሩ መጠኑን ነው የሚናገረው፤ 20 ሚሊሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት። ሲአር 2025 የሚባል ደግሞ አለ። ስፋቱ ያው 20 ሚሊሜትር ነው፤ ውፍረቱ ግን 2.5 ብቻ ነው። ከላይ ሲያዩዋቸው መንትያ ናቸው። ባለሱቁ 2032 ሲያልቅበት «ያው ነው» ብሎ 2025 ይሰጣል። ቦታው ላይ ይገባል፣ ስክሪኑም ይበራል። ግን ላላ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ቁልፍ ሲጫኑ ወይም ታይመሩን ከፍሪጅ ላይ ሲነቅሉት ለአፍታ ይለያያል፣ ከዚያ ዜሮ። ስለዚህ «እንደዚህች ያለች» ከማለት ቁጥሩን ይንገሩት። ትናንሾቹ ታይመሮች የሚወስዱት ኤልአር 44 ከሆነ፣ ኤጂ 13 ተብሎም ይሸጣል፤ መጠኑ አንድ ነው። ኤስአር 44 የሚባለውን ካገኙ ደግሞ ይውሰዱት። እሱም መጠኑ ያው ነው፤ ከተለመደው ይልቅ ኃይሉን ሳያወላውል ይዞ ይቆያል።

ሌላው የባትሪው ዕድሜ ነው። ሱቅ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየመታው ለብዙ ጊዜ ተሰቅሎ የቆየ ባትሪ፣ ማሸጊያው አልተከፈተም ተብሎ አዲስ አይሆንም። ማሸጊያው ላይ ያለውን ቀን ይመልከቱ። ቀን ያልተጻፈበትን እኔ አልገዛም።

ከዚያ መነካኪያው አለ። ባትሪውን አውጥተው ውስጥ ያለችውን የብረት ምላስ ይዩዋት። ከጠቆረች በትምህርት ቤት ላጲስ ቀስ ብለው ይሹዋትና ፍርፋሪውን ያራግፉ። ወደ ታች ከተኛች በጥርስ ስንጥር በጥቂቱ ብድግ ያድርጓት። በረጅሙ የሪሞት ድንጋይ የሚሠራ ታይመር ላይ ደግሞ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካገኙ ባትሪው አፍስሷል ማለት ነው። በእጅዎ አይንኩት። ጓንት ያድርጉ፣ ጥጥ ላይ ትንሽ አቼቶ ወይም ሎሚ ያንጠባጥቡና ይጥረጉት፣ ከዚያ በአልኮል አጽድተው በደንብ ያድርቁት።

አዲስ ባትሪ በሳምንት ካለቀ ሌላም ጥርጣሬ አለኝ። እርጥበት ነው። እርስዎ ዳቦ ጋጋሪ ነዎት፤ እጅዎ ዱቄትና ውሃ አይለየውም። በቁልፎቹ ዳር የገባ እርጥብ ዱቄት ቦርዱ ላይ ሲቀመጥ ኃይል ያለ ሥራ ያፈስሳል፤ ታይመሩ ተኝቶም ባትሪው ያልቃል። ከጀርባው ብሎን ካለው በትንሽ ካቻቢቴ ይክፈቱትና ቦርዱን አልኮል በነካው ጥጥ ይጥረጉት። ስክሪኑንና ቦርዱን የምታገናኘውን ለስላሳ የጎማ ቁራጭ እንዳይጥሏት። ኤሌክትሪክ የምታስተላልፈው እሷ ናት። ቁጥሮቹ ተቆራርጠው የሚታዩ ከሆነም ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የእሷ መቆሸሽ ነው። ውሃ ከገባበት ደግሞ መጀመሪያ ባትሪውን ማውጣት ነው። ሩዝ ውስጥ መቅበሩን ይተዉት፤ ክፍት አድርጎ ነፋሻ ቦታ ላይ ማቆየት ይበልጣል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አልድን ካለ፣ ያን ጊዜ ይግዙ። ውድ ነው ብለው ግን አይምረጡ። በርካሹም በውዱም ውስጥ ጊዜ የሚቆጥረው በሰከንድ 32,768 ጊዜ የሚርገበገብ ትንሽ የኳርትዝ ክሪስታል ነው። ሙሉ ቀን ቢቆጥር እንኳ የሚሳሳተው ሁለት ሰከንድ ገደማ ነው። ለአንድ ሰዓት ኬክ ይህ ምንም ማለት አይደለም። የገንዘብዎ ልዩነት መታየት ያለበት በባትሪው፣ በድምፁና በቁልፎቹ ላይ ነው።

ለእርስዎ ሥራ የምመክረው በሪሞት ድንጋይ፣ ማለትም በትሪፕል ኤ የሚሠራውን ነው። ከክቧ ባትሪ ይልቅ ብዙ ኃይል ይይዛል፣ በየሰፈሩ ሱቅ ይገኛል፣ ጩኸቱንም በቀላሉ ይሸከማል። አልካላይን የሚለውን ይግዙ። እንደገና የሚሞላው ዓይነት 1.2 ቮልት ስለሆነ አንዳንድ ታይመር ላይ ስክሪኑ ይፈዝዛል።

ሱቅ ውስጥ ሳሉ አምስት ሰከንድ ይሙሉና ያስጩኹት፤ ባለሱቁ አይከፋውም። ሲጮህ ጀርባውን ብረት ላይ ይለጥፉት። ድምፅ መውጫዋ ቀዳዳ ከጀርባ ከሆነች ፍሪጁ ይከድናትና ድምፁ ይታፈናል። ቀዳዳዋ ከፊት ወይም ከጎን ያለችውን ይምረጡ። የእነዚህ እቃዎች ድምፅ ቀጭን ነው። ዕድሜ ሲገፋ መጀመሪያ የሚያስቸግረን ቀጭን ድምፅ መስማት ስለሆነ፣ ድምፁ የሚጨመርና የሚቀነስ ወይም ሲጮህ መብራት የሚያበራ ቢሆን ደስ ይለኛል። ለምን ያህል ጊዜ እንደሚጮህም ይዩ። ብዙዎቹ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ዝም ይላሉ። እርስዎ በር ላይ ደንበኛ ሲያነጋግሩ ደቂቃዋ ታልፋለች። ዝም ካለ በኋላ ወደ ላይ መቁጠር የሚቀጥል ዓይነት አለ፤ ሲመለሱ ስንት ደቂቃ እንዳለፈ ይነግርዎታል። ለጋጋሪ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ይህ ነው።

ተራው ታይመር 99 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ ያበቃል፤ ሊጥዎ ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ ባለ ሰዓቱን ይጠይቁ። የቀን ሰዓትም የሚያሳይ ከሆነ ባለ 12 ሰዓቱ ይሻላል፤ በእኛ አቆጣጠር ሞልተው ይጠቀሙበታል። ባለ 24 ብቻ የሆነው ከምሽቱ አንድ ሰዓትን 13 እያለ ያደናግርዎታል። ሁለት ነገር አንድ ላይ የሚጋግሩ ከሆነ ደግሞ ብዙ ሰዓት በአንድ ላይ ከሚቆጥረው ይልቅ ድምፃቸው የሚለያይ ሁለት ተራ ታይመሮች ይግዙ። የትኛው የኬኩ፣ የትኛው የዳቦው እንደሆነ በፕላስተር ይጻፉበት።

ከምድጃው በላይ፣ ከድስት እንፋሎት አቅጣጫ፣ ከኦቭኑ በር አጠገብ አይለጥፉት። ሙቀት ስክሪኑን ያጠቁረዋል፣ እንፋሎቱ ቦርዱን ያበላሸዋል።

ስልክ ለቤት ምግብ ይበቃል። ለሽያጭ ሲጋገር ግን አልመክርም። በዱቄት እጅ ይነካል፣ በወሬ መሃል ይረሳል፣ ልጆቹ ለጨዋታ ይወስዱታል።

ወደ መብራቱ ልምጣ። ኦቭኑ ላይ ያለው ዲጂታል ሰዓት መብራት ሲሄድ ይጠፋል፤ በባትሪ የሚሠራው ግን ኦቭኑ መቆሙን ሳያውቅ መቁጠሩን ይቀጥላል። ስለዚህ መብራት እንደሄደ ማስጀመሪያና ማቆሚያውን ቁልፍ አንዴ ይጫኑ። በአብዛኞቹ ላይ ቀሪው ሰዓት እንዳለ ይቆማል። የኦቭኑን በር አይክፈቱ። መብራቱ ሲመለስ ታይመሩን ወዲያው አያስጀምሩት፤ ኦቭኑ ሙቀቱን መልሶ መያዙን የምትነግረውን መብራት ይጠብቁ። ኬኩ በቀረው ሙቀት በመካከሉ ትንሽ ስለሚበስል፣ ቀሪው ሰዓት ሳያልቅ በስንጥር ይፈትሹት።

ሰዓቱን ከውጭ አገር አዘገጃጀት ላይ የሚወስዱ ከሆነም አንድ ነገር ይወቁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የሚቀቀል ነገር፣ እንቁላልም ሆነ ድንች፣ ከተጻፈው የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ድሬዳዋ ዝቅ ስለምትል እዚያ ልዩነቱ ያነሰ ነው። ሊጥ ደግሞ በተቃራኒው እዚህ ቶሎ ይነሳል፤ አየሩ የሚጫነው ያነሰ ነውና። አንድ ሰዓት የሚል ካነበቡ ታይመሩን 40 ደቂቃ ላይ ሞልተው ሊጡን ይዩት፤ ካልበቃው ይጨምሩለት።

የልጆቹን ጉዳይ በጣም አደራ እላለሁ። ሲአር 2032 የመሰለ ክብ ባትሪ ልጅ ቢውጥና ጉሮሮው ላይ ቢቀር በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል። ባትሪው ያለቀ ቢሆንም አደጋው አለ። አሮጌዋን ክብ ባትሪ ሁለቱንም ፊት በፕላስተር ሸፍነው ልጅ የማይደርስበት ያስቀምጧት፤ ጠረጴዛ ላይ አትደር። የታይመሩ የባትሪ ክዳን በጥፍር የሚከፈት ከሆነ ከልጆቹ ቁመት በላይ ይለጥፉት፤ አዲስ ሲገዙ ክዳኑ በብሎን የሚታሰረውን ይምረጡ። ልጅ ውጦ ይሆናል ብለው ከጠረጠሩ እንዲያስመልሰው አያስገድዱት፣ እስኪያመውም አይጠብቁ። ወዲያው ሆስፒታል ይውሰዱት፤ ማሸጊያው ከተገኘም ቁጥሩን ሐኪሙ እንዲያየው ይያዙት።