የአንባቢያን ጥያቄ፦ በ300 ቃል የሚያልቅ ታሪክ

ጥያቄ፦ በየወሩ በቴሌግራም በሚካሄድ የእጅግ አጭር ልቦለድ ውድድር ከወዳጆቼ ጋር እሳተፋለሁ። ወር ሲገባ አንድ ርዕሰ ጉዳይ ይሰጠናል፤ ከ300 ቃል የማይበልጥ ታሪክ ጽፈን እናስገባለን፤ ከዚያም እርስ በርሳችን አንብበን ድምፅ እንሰጣለን። ሽልማት የለውም። ባለፈው ወር «ውኃ» በሚለው ርዕሰ ጉዳይ ስለ ደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ጽፌ አንድም ድምፅ አላገኘሁም፤ ቀደም ባሉት ወራትም የተሻለ ዕድል አልገጠመኝም። የቃል ገደቡም ይጠበኛል። አስተያየት ስጠይቅ ሁሉም «ጥሩ ነው፣ በርታ» ይሉኛል። ታሪኩን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ጉድለቴ ምንድን ነው? መሳተፌንስ ልቀጥል?
ሠ.፣ ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን

መልስ፦ ይቀጥሉ። ይህን የምንልዎት ለማጽናናት ሳይሆን፣ በላኩልን ታሪክ ውስጥ ከሌላ ሰው ብዕር የማይገኝ አንድ ነገር ስላየን ነው። በአራተኛው አንቀጽ ላይ በእኩለ ሌሊት በር የሚደበድበው ጎረቤት ጫማ ያደረገው በአንድ እግሩ ብቻ ነው። ሌላኛው ጫማ የት እንደቀረ አልነገሩንም፤ ሊነግሩንም አይገባም፤ ሰውየው ከምን አምልጦ እንደመጣ አንባቢው እግሩን ባየበት ቅጽበት ይረዳዋልና። ታሪክዎ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ግን ከተፈቀደልዎ ቃል ግማሽ ያህሉን ወስዶብዎታል።

ያ ግማሽ ድሬዳዋ ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረች ከተማ መሆኗን፣ ደቻቱ የከተማዋን ሁለት ክፍሎች፣ ከዚራንና መጋላን፣ እንደሚለይ፣ አብዛኛውን የዓመቱን ክፍል ደረቅ አሸዋ ሆኖ እንደሚከርም፣ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በሌሊት ወርዶ ከ200 በላይ ሰዎችን እንደፈጀ ይተርካል። ሁሉም እውነት ነው፤ ያን ሌሊት የሚያስታውስ ሰው ሳይከፋው አያነበውም። ይሁን እንጂ በረጅም ልቦለድ ውስጥ ቦታ የሚያገኘው ይህ ዝርዝር፣ በ300 ቃል ውስጥ ሲገባ ሰዎቹን ከመድረኩ ገፍቶ ያስወጣቸዋል። ደረቁን አሸዋ ለማሳየት ልጁ ከሰዓት በኋላ ኳስ ሲያንከባልልበት እንደዋለ የሚናገረው የራስዎ ሐረግ ይበቃል። ቦታውን ለማስታወቅ ደግሞ አርእስቱን «ደቻቱ» ይበሉት፤ ብዙ ውድድሮች አርእስትን ከቃል ቆጠራው ውጭ ስለሚያደርጉ ይህን የሚያህል ጥቅም በነፃ ያገኛሉ። በቅድሚያ ግን የቡድናችሁን ደንብ ያረጋግጡ።

ሌላው የሚሰረዘው የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ነው። እናትየዋ በማግስቱ የልጁን ኳስ ከጭቃ አውጥታ በነጠላዋ ጠርጋ ታስቀምጣለች፤ እርስዎ ግን በዚህ አላበቁም፤ «ሕይወት ምን ያህል አላፊ እንደሆነች ያን ቀን ተረዳች» ብለው ጨመሩ። በነጠላዋ ስትጠርግ ያየናት እናት የተረዳችውን ሁሉ ነግራናለች። በሁለት ስንኝ ብቻ የሚቋጨውን ጉባኤ ቃና የተባለ ቅኔ የሚያውቅ ሕዝብ ወርቁን ራሱ ፈልጎ ማውጣትን ለምዷልና፣ አንባቢዎን ይመኑት።

የቃል ገደቡ ጠበበኝ ያሉትን በተመለከተ፣ ገደቡ በእርግጥ ከጠባቦቹ ወገን ነው፤ በውጭው ዓለም ይህን ዓይነቱን ጽሑፍ እስከ 1,000 ቃል የሚፈቅዱ አሉ። «ድራብል» የሚባለው ግን ልክ 100 ቃል እንዲሆን ይጠይቃል። በዚያ ላይ የአማርኛ ግስ አድራጊውን፣ ተደራጊውንና አሉታውን በአንድነት ስለሚሸከም «አልነገረችኝም» በቆጠራ ላይ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ስለዚህ 300 የአማርኛ ቃል ከሚመስለው በላይ ይይዛል።

አሁን ወደ ድምፁ እንመለስ። የቡድኑ አባላት በርካታ ታሪኮችን በአንድ መቀመጫ፣ ያውም በስልክ ላይ እንደሚያነቡ አይርሱ። በእንዲህ ያለ ንባብ ዘግይቶ የሚጀምር ታሪክ ይጎዳል፤ መጨረሻው ላይ የሚያስደነግጥ ታሪክ ደግሞ ከሚገባው በላይ ድምፅ ያገኛል። ስለዚህ የድምፁ ቁጥር የአንድ ወር የንባብ ሁኔታን እንጂ የጽሑፍዎን ዋጋ አይለካም። ወዳጆችዎም «በርታ» የሚሉት ታሪኩን ስለናቁት ላይሆን ይችላል፤ ፊት ለፊት መተቸት በእኛ ዘንድ የሚከብድ ነገር ነው። ጥያቄውን ይለውጡላቸው፤ «እንዴት ነው?» ከማለት ይልቅ «የቱ ጋ ሰለቸህ?»፣ «አንብበሽ ከጨረስሽ በኋላ ምን ትዝ አለሽ?» ይበሉ። ይህን ሳያስቀይም የሚመልስ ሰው ብዙ ነው። እርስዎም በበኩልዎ የሌሎችን ታሪክ በዚህ መንገድ አንብበው አስተያየትዎን ይጻፉላቸው። ያለ ሽልማት በሚካሄድ ውድድር ትልቁ ትርፍ ይህ እንደሆነ አጥብቀን እናምናለን፤ በሌላ ሰው ጽሑፍ ላይ ትርፍ አንቀጽ ለይቶ ማውጣት የለመደ ዓይን በራሱ ላይም ማየት ይጀምራል።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ በሐረር እንዲህ ያለ ቡድን አስተባብራለሁ። አባላት ለጓደኞቻቸው ድምፅ ይሰጣሉ የሚል ቅሬታ በዝቶብኛል። ርዕሰ ጉዳይም እያለቀብን ነው። ታሪኮቹን ሰብስበን ማሳተምስ እንችላለን?
መ.፣ ከሐረር

መልስ፦ ታሪኮቹን ከጸሐፊዎቹ በግል ተቀብለው ስም ሳይኖራቸው፣ ቁጥር ብቻ ሰጥተው፣ ቅደም ተከተላቸውንም በዕጣ ወስነው ይልቀቁ። እያንዳንዱ አባል ለአንድ ሳይሆን ለሦስት ታሪኮች ድምፅ ይስጥ፣ ለራሱም አይስጥ፤ ታሪክ ያስገባ ሰው ድምፅ ሳይሰጥ ቢቀር የእሱም ታሪክ ከቆጠራ ይውጣ። ለሦስት መስጠት ግዴታ ሲሆን ለጓደኛው ያደላ እንኳ ሁለት ሌሎች ታሪኮችን ከልቡ ለማንበብ ይገደዳል። የጸሐፊዎቹ ስም የሚገለጸው ድምፁ ከተቆጠረ በኋላ ይሁን።

ርዕሰ ጉዳይ የሚያልቀው «ፍቅር»፣ «ተስፋ»፣ «ናፍቆት» እያሉ ሲሰጡ ነው። በእጅ የሚዳሰስ ነገር ይስጡ፤ ለምሳሌ «መኪና ግርግር (የሐረር የልብስ ሰፊዎች መንገድ) ለልብስ ሰፊ ተሰጥቶ ባለቤቱ ሳይወስደው የቀረ ልብስ» ቢሉ፣ አንዱ ስለ ሙሽራ፣ ሌላው ስለ ስደተኛ፣ ሦስተኛው ስለ ልብስ ሰፊው ይጽፋል። የወሩ አሸናፊ የሚቀጥለውን ርዕሰ ጉዳይ እንዲመርጥ ማድረግም ጥሩ ልማድ ነው፤ ሁለት ሰዎች እኩል ከወጡ አንዱ ቦታውን፣ ሌላው ዕቃውን ይምረጡ።

ኅትመትን በተመለከተ፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የቅጂ መብት የጸሐፊው ነው፤ መብቱም የሚገኘው ጽሑፉ እንደተፈጠረ፣ ያለ ምዝገባ ነው። በቡድኑ ውስጥ መለጠፉ ታሪኩን የቡድኑ ንብረት አያደርገውም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጸሐፊ የጽሑፍ ፈቃድ ይቀበሉ፤ ፈቃዱም የታሪኩን አርእስት፣ ለአንድ ጊዜ ኅትመት ብቻ መሆኑንና ገቢ ከተገኘ እንዴት እንደሚከፋፈል ይግለጽ። አንዳንድ መጽሔቶችና ሽልማት ያላቸው ውድድሮች ለሕዝብ ክፍት በሆነ ገጽ ላይ የወጣን ታሪክ ቀድሞ እንደታተመ ስለሚቆጥሩት፣ ቡድኑን ለአባላት ብቻ ክፍት አድርገው ቢይዙት፣ ታሪኩን ወደ ሌላ ቦታ መላክ የሚፈልግ አባል ዕድሉ አይዘጋበትም።