ዲግሪ ይዤ ቫልቭ ልዝጋ?

ከአፋር የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በኬሚስትሪ ተመርቀሻል። የከተማችሁ የጉድጓድ ውሃ ጨዋማ ነው፤ ድርቁ ሲጠና ሰው የሚጠጣው ቦቴ ጠብቆ ነው። አሁን ጨው ማጣሪያ ሊተከል ነውና የኦፕሬተርነት ሥራ ቀርቦልሻል። አጎትሽ ደግሞ አዲስ አበባ ባንክ ቤት አግኝተውልሻል፤ ደመወዙ በ3000 ብር ይበልጣል። «የተማረች ልጅ ቫልቭ ስትከፍትና ስትዘጋ ልትውል ነው?» አሉሽ። እኔን የነካችኝ ይቺ ናት።

ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት 11 ዓመት የውሃ ላቦራቶሪ ውስጥ ሠርቻለሁ። አንድ ከተማ ላይ እንዲህ ያለ ማጣሪያ ቆሞ አገኘን። ሜምብሬኑን፣ ማለትም ጨው የሚያስቀረውን ስስ ማጣሪያ፣ ቀደን ስናየው ነጭ ቅርፊት ለብሷል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ዓይነት። ግፊቱ ለሳምንታት ሲጨምር ጥበቃው በየቀኑ መዝገብ ላይ ጽፎታል። ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ግን በቦታው አልነበረም። ሕዝቡ ወደ ቦቴ ተመለሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽኑ ውሃውን በግፊት በሜምብሬን ያሳልፈዋል፤ ጨው ይቀራል። 1000 ሊትር አስገብተሽ 750 ሊትር የሚጠጣ ውሃ ብታወጪ፣ ጨው ሁሉ ማለት ይቻላል በቀሪው 250 ሊትር ውስጥ ነው። አራት እጥፍ ይጠነክራል። ካልሲየሙና ሲሊካው የሚጋገረው ያኔ ነው። ስንት ኬሚካል ይጨመር? ስንት ውሃ ይውጣ? መቼ ይታጠብ? ይህ ያንቺ ትምህርት ነው። ጨውን ምላስ ይለየዋል። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ ያለው ፍሎራይድ ግን አይቀመስም። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ሳይለካ ከታለፈ የሚታወቀው የልጆች ጥርስ ሲበልዝ ነው። አጎትሽ «ቫልቭ» ያሉት ይሄ ነው።

የወንድምሽ የትምህርት ቤት ክፍያ እንደሚያስጨንቅሽ ገብቶኛል። ግን ያቺን 3000 ብር የአዲስ አበባ ቤት ኪራይ ይውጣታል፤ ከቤተሰብሽ ጋር እየኖርሽ ከሠራሽ ለእሱ የሚተርፈው ይበልጣል። አጎትሽ ይህን አልቆጠሩትም። በአክብሮት፣ ሂሳቡን ወረቀት ላይ ጽፈሽ አሳያቸው።

እንዳይጠፋብሽ የሰጋሽለትን እንግሊዝኛ በማሽኑ ማኑዋል ተለማመጂ። ላሰብሽው ማስተርስ ደግሞ እዚያ ሁለት ዓመት ከሠራሽ በኋላ አመልክቺ፤ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የትም አይሄድም።

ከመፈረምሽ በፊት ግን ጠይቂ። ኬሚካሉና መለዋወጫው በማን በጀት ነው የሚገዛው? የጄኔሬተሩስ ናፍጣ? ያ 250 ሊትር የት ነው የሚፈሰው? ጉድጓዱ አጠገብ ከሆነ ዞሮ ይመጣባችኋል፤ ግጦሽ ላይ ከሆነ መሬቱን ያበላሻል። በዚህ ላይ የማያወላዳ መልስ ካልሰጡሽ፣ ሳትፈርሚ መልሰሽ ጻፊልኝ።