መልስ፦ የመቃብር ድንጋይ የድሮ ጭስ ይመሰክራል ወይ?

ወንድሜ፣ «ደብረ ብርሃን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያሉ የመቃብር ድንጋዮች ጠቁረዋል፤ ከዚህ ተነስቶ የድሮ የአየር ብክለትን ማወቅ ይቻላል?» ላልከው፣ ይቻላል። ግን ድንጋዩ ምን ዓይነት ነው? ቁም ነገሩ እዚያ ላይ ነው።

የድንጋይ ከሰል ሲነድ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ከእርጥበት ጋር አሲድ ይሆንና እምነ በረድንና የኖራ ድንጋይን ይበላል። ዝናብ የሚያጥበው ፊት እየሳሳ ይሄዳል። ዝናብ የማይደርስበት ጥግ ግን ጂፕሰም፣ ማለትም ከአሲዱና ከድንጋዩ የሚፈጠር ማዕድን፣ ይጋግራል፤ ጥቀርሻው እዚያው ተይዞ ጥቁር ቅርፊት ይሠራል። ያንን ቅርፊት ላብራቶሪ ውስጥ መርምረው ምን ይነድ እንደነበር ያውቁበታል።

እንግሊዞች ደግሞ ቀላል ዘዴ አላቸው። በድሮ መቃብሮቻቸው ላይ ከእርሳስ (ከማዕድኑ) የተሠራ ፊደል እምነ በረዱ ውስጥ ይቀበር ነበር። እርሳሱን አሲድ ብዙም አይደፍረውም። ድንጋዩ ሲበላ ፊደሉ ወጣ ብሎ ይቀራል። ልዩነቱን ትለካና መቃብሩ ላይ ከተጻፈው ዓመት ወዲህ ላለው ጊዜ ታካፍላለህ። በቃ! የለንደኑ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ላይም ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለክተው፣ የከተማዋ ጭስ ሲቀንስ የድንጋዩ መበላትም እንደቀነሰ አይተዋል።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ የሰሜን ሸዋ ደጋ በአብዛኛው ጥቁር ድንጋይ፣ ማለትም ባዛልት ነው። አሲድ እንደ እምነ በረድ ቶሎ አይበላውም። የኖራ ድንጋይ የምታገኘው ወደ ጀማ ሸለቆ ስትወርድ ነው። ያየኸው ጥቁረት ጭስ ሳይሆን ድንጋይ ላይ ተለጥፎ የሚያድገው ላይክን ሊሆን ይችላል። የደብረ ብርሃን ውርጭም ድንጋይ ይሰነጥቃል፤ እሱን ከጭሱ ጋር እንዳትደምረው።

ስለዚህ የቆሙ የእምነ በረድ መቃብሮችን ፈልግ። ውፍረታቸውን አናታቸውና ግርጌያቸው ላይ በካሊፐር (ውፍረት መለኪያ መሣሪያ) ለካ፤ ልዩነቱ አናቱ ምን ያህል እንደተበላ ይጠቁምሃል። ቄሰ ገበዙን ሳታስፈቅድ ግን እንዳትጀምር፤ መቃብር ቆፋሪ መስለህ ትያዛለህ።